ቁጭ ብሎ ያየ ተኳሽ፦ ስቲቭ ከር፣ ባለ ሦስት ነጥቡ እና የከተማ ዳሩ ሜዳ

የአሜሪካው የባስኬት ክለብ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማታ ሲጫወት አዲስ አበባ ነግቷል። እነሱ ዘንድ ክረምት ሲሆን ጨዋታው በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። ያ ደግሞ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚረዝምበት ሰዓት ነው። ሰልፉ መሐል ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ካለ ምናልባት ውጤት እየተከታተለ ይሆናል። ፒያሳ እስኪደርስ ሁለት ኳርተር (የጨዋታው ግማሽ) ያልቃል።

ባስኬት በሚወዱ ሰዎች መሐል አንድ ክርክር አልበርድ ብሏል። ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ (ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ ከተሰመረ መስመር ውጭ ተወርውሮ ሲገባ ሦስት ነጥብ የሚያስገኘው) ጨዋታውን አሳመረው ወይስ ገደለው? በ2024–25 ሲዝን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ዋናው የባስኬት ሊግ) ክለቦች በአማካይ በአንድ ጨዋታ ከ37 በላይ ባለ ሦስት ሞክረዋል። ቦስተን ሴልቲክስ ብቻውን 48 ደርሷል። ሊጉ መስመሩን በ1979 ሲያስገባ ሙከራው በአማካይ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወቀሳው ሲመጣ ሁለት ስም አብሮ ይነሳል። አንዱ የዋሪየርስ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ነው። ሌላው ተጫዋቹ ስቴፈን ከሪ ነው። በአማርኛ ሲጻፉ የአባታቸው ስም ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ሰው ቢያምታታቸው አይፈረድበትም። ለማቅለል እዚህ አሰልጣኙን ከር፣ ተጫዋቹን ስቴፍ እንበላቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ከር ነው። ክርክሩን ለመረዳት ከስቴፍ ይልቅ የእሱ ታሪክ የሚጠቅም ይመስለኛል። ስቴፍ ባለ ሦስትን አሳይቶናል። ለምን እንደሚሠራ ግን ከር ከቤንች (ከተቀያሪዎች ወንበር) ሆኖ ለዓመታት አይቶታል።

ከቤይሩት እስከ ቤንች

ከር የተወለደው በ1965 ቤይሩት ነው። አባቱ ማልኮም ከር የመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካ ምሁር ነበሩ። የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ በጃንዋሪ 1984 ቢሯቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ያኔ 18 ዓመቱ ነበር፤ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሜዳ ገብቶ ተጫወተ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። አያቱ ስታንሊ ከር ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ሕፃናትን በመታደግ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ ልጆች (ወላጅ አልባ አርመናውያን) የሚያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ሁለቱ ታሪኮች በቀጥታ አይገናኙም። መነሻቸው ግን ያው መከራ ነው።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ከር ፈጣን አልነበረም። ዝላይም አልነበረውም። በ1988 የኤንቢኤ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ (ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል) የተወሰደው በሁለተኛው ዙር፣ 50ኛ ሆኖ ነው። ፊኒክስ፣ ክሊቭላንድ፣ ኦርላንዶ፣ ቺካጎ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፖርትላንድ፣ ከዚያ እንደገና ሳን አንቶኒዮ። በ15 ሲዝን 910 ጨዋታ አደረገ። አማካዩ በጨዋታ 6 ነጥብ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው አምስት ጊዜ እንዴት ሻምፒዮን ሆነ? ከቺካጎ ጋር 1996፣ 1997፣ 1998፤ ከሳን አንቶኒዮ ጋር 1999 እና 2003። ዕድለኛ ነው የሚሉ አሉ። ማይክል ጆርዳን አጠገብ፣ ቲም ደንከን አጠገብ መቀመጥ ዕድል መሆኑ አይካድም። ግን ሻምፒዮን ክለቦች ደጋግመው የፈለጉት በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። ከባለ ሦስት ሙከራዎቹ 45.4 በመቶውን አስገብቷል። በሊጉ ታሪክ እስካሁን የሚስተካከለው የለም።

ይህ ቁጥር ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ከ1994 እስከ 1997 ሊጉ መስመሩን ወደ ቅርጫቱ አስጠግቶ 6.7 ሜትር ገደማ አድርጎት ነበር። ከር 52.4 በመቶ ያስገባው በዚያ ጊዜ፣ በ1994–95 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ተደግፏል የሚለው ትችት ውሃ ያነሳል። በሌላ በኩል መስመሩ ሩቅ በነበረበት 1989–90 ክሊቭላንድ ሆኖ 50.7 በመቶ አስገብቶ ሊጉን መርቷል። መስመሩ ጠቅሞታል፣ ተኳሽ ያደረገው ግን እሱ አይደለም።

አሁን ሌላ ቁጥር ጎኑ እናስቀምጥ። ከር በሙሉ ዘመኑ ያስገባው ባለ ሦስት 726 ነው። ስቴፍ በ2015–16 ብቻ 402፣ በቀጣዩ ሲዝን 324 አስገባ። ደምሩት። 726። የአንዱ የ15 ዓመት ሥራ የሌላው የሁለት ዓመት ሥራ ሆነ፣ አንድም ሳይጎድል። ስቴፍ በ1995 ቢኖር ይህን ያህል እንዲሞክር የሚፈቅድለት አሰልጣኝ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ችሎታው ድሮም ነበር፤ ፈቃዱ ነው አዲስ የመጣው።

በጣም የሚታወስበት ኳስ ባለ ሦስት አልነበረም

ጁን 1997፣ ቺካጎ። የፋይናሉ ስድስተኛ ጨዋታ ነው። ቺካጎና ዩታ 86 እኩል ናቸው። በዕረፍት ደቂቃው ጆርዳን ለከር «ተዘጋጅ» አለው። እንደተባለውም ሆነ። ጆርዳን ኳሱን ይዞ ሲገባ የከር ጠባቂ ጆን ስቶክተን ከርን ትቶ ወደ ጆርዳን ሄደ። ጆርዳን ኳሱን ለከር አቀበለው። ከመስመሩ ውስጥ ነበር፤ ወረወረ፣ ገባ። 88 ለ 86። የቀረው አምስት ሰከንድ ነው። ቺካጎ 90 ለ 86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ሁለት ነጥብ ብቻ ናት። ግን የዛሬው ባስኬት ሁሉ እዚያች ኳስ ውስጥ አለ። ስቶክተን ከባድ ምርጫ ላይ ነበር። ከከር ጋር ከቆየ ጆርዳን በአንድ ሰው ብቻ ይጠበቃል። ጆርዳን ጋ ከሄደ ከር ብቻውን ይቀራል። ሁለቱም መጥፎ ነው። ተኳሹ ገና ኳስ ሳይነካ ተቃራኒውን እግሩን አስሮታል።

ይህን ነው አሰልጣኞች ስፔሲንግ የሚሉት። ሜዳውን በተጫዋች አቋቋም ማስፋት ማለት ነው። ሜዳው ስፋቱ አይለወጥም። ግን ጥግ ላይ የቆመው ሰው የሚያስገባ ከሆነ ጠባቂው ከእሱ መራቅ አይችልም። መሐሉ ይለቀቃል። ባዶ በሆነው መሐል ሌላው ሰው ገብቶ በቀላሉ ያስቆጥራል። ስታቲስቲክሱ ላይ ነጥቡ ለገባው ሰው ይጻፋል። ጥግ ላይ ለቆመው ምንም አይጻፍለትም።

ሌላው የከር ትምህርት መጠበቅ ነው። በሜይ 2003 የሳን አንቶኒዮው ቶኒ ፓርከር ታመመ። ከር ያኔ 37 ዓመቱ ነው፤ በዚያ የጥሎ ማለፍ ዙር ሜዳ የረገጠው ለስሙ ያህል ብቻ ነበር። ዳላስ ላይ በስድስተኛው ጨዋታ ገባ። አራት ባለ ሦስት ሞከረ፣ አራቱንም አገባ። ክለቡ ወደ ፋይናል አለፈ። ሳምንታት ቁጭ ብሎ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ሲጠራ እንዲህ መወርወር ከክንድ በላይ የሆነ ነገር ይጠይቃል።

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ውጤቱ ግን አይደለም

ባለ ሦስት የተስፋፋበት ዋና ምክንያት በጣት ይቆጠራል። ከቅርብ መቶ ጊዜ ወርውሮ 50 ያገባ ሰው 100 ነጥብ አለው። ከሩቅ መቶ ጊዜ ወርውሮ 34 ያገባ 102 ነጥብ አለው። ከሦስት አንዴ የሚያገባ ተኳሽ ከሁለት አንዴ ከሚያገባው እኩል ነው ማለት ነው። ክለቦች ይህን ሂሳብ አምነው ለመሥራት ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ገደብ ጠፋ። ቅር የሚላቸው ሰዎች የሚሉት ይኼን ነው። የመሐል ርቀት ውርወራ፣ ጆርዳንና ኮቢ ብራያንት የኖሩበት ያ ውብ ነገር፣ ከሜዳ እየጠፋ ነው። ሁሉም ክለብ አንድ ዓይነት ይጫወታል። ኳሱ እምቢ ሲል ደግሞ ጨዋታው ይደርቃል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላቸው። በሜይ 2018 ሂዩስተን ሮኬትስ ከራሱ ከከር ክለብ ጋር ለፋይናል ሲፋለም በሰባተኛው ጨዋታ 27 ባለ ሦስት በተከታታይ ሳተ። ከ44 ሰባት ብቻ ገቡለት። ተሸነፈ፣ ሲዝኑ አለቀ።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሂዩስተን የተሸነፈው ባለ ሦስት ስለሞከረ ብቻ አይደለም ይላሉ። ከዋና ተጫዋቾቹ አንዱ ክሪስ ፖል ተጎድቶ ከሜዳ ውጭ ነበር። ደግሞም መሐሉ ባዶ የሆነው በባለ ሦስት ስጋት ነው። ስጋቱ ከተነሳ ሰው ሁሉ ቅርጫቱ ሥር ተከማችቶ ይገፋፋል። የ1990ዎቹ የኤንቢኤ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ምን ያህል ዘገምተኛና ነጥብ ያነሳቸው እንደነበሩ የሚረሳም አለ።

ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። የወቃሾቹ ቅሬታ በአብዛኛው ስለ ብዛቱ ነው፤ እዚያ ላይ ልክ ናቸው። ግን ብዛቱን ከከር ስም ጋር ማያያዝ አያስኬድም። ለምን እንደሆነ ለማየት አሰልጣኝነቱን መመልከት ያስፈልጋል።

አሰልጣኙ ምን ይዞ መጣ

ከር መጫወት ካቆመ በኋላ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። ከ2007 እስከ 2010 የፊኒክስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ2014 የቀድሞ አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን ኒው ዮርክ ላይ ሥራ ሲያቀርብለት ትቶ ዋሪየርስን መረጠ። አንድም ቀን አሰልጥኖ አያውቅም።

የተረከበው ክለብ ደካማ አልነበረም። በቀድሞው አሰልጣኝ በማርክ ጃክሰን ሥር 51 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ስቴፍ፣ ክሌይ ቶምፕሰን፣ ድሬይመንድ ግሪን ሁሉም ነበሩ። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ኳስ በመቀባበል ብዛት ከሊጉ መጨረሻ ነበሩ፤ በጨዋታ 250 እንኳ አይሞሉም። ከር በጨዋታ 300 ቅብብል ይሁን አለ። «ባለ ሦስት አብዙ» አላለም፤ «ተቀባበሉ» ነው ያለው። የከርን አሰልጣኝነት ባጭሩ ንገረኝ ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ከፊል ጃክሰን ትራያንግል የሚባለውን ዘዴ ተምሯል። ሦስት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሦስት ማዕዘን ሠርተው እንደ ተከላካዩ ሁኔታ የሚቀባበሉበት ነው። ከሳን አንቶኒዮው አሰልጣኝ ከግሬግ ፖፖቪች የክለቡን የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ወሰደ። ሁለቱም ኳስ አንድ ሰው እጅ ላይ እንድትተኛ አይፈቅዱም። ከር እነዚህን የሰፋበት ክር የራሱ ልምድ ነው። ኳስ የማትደርሰው ሰው ምን እንደሚሰማው፣ ስትደርሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሳምር ከማንም በላይ ያውቃል።

ውጤቱን አንድ ማታ ማየት ይቻላል። በዲሴምበር 2016 ክሌይ ቶምፕሰን ኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ አስቆጠረ። ኳሷን ያነጠራት 11 ጊዜ ብቻ ነው። እጁ ላይ የቆየችው በድምሩ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። ስልሳ ነጥብ በዘጠና ሰከንድ! ቀሪውን ጊዜ ምን ሲሠራ ነበር? ሲሮጥ፣ ሲሸሸግ፣ ጓደኛው ጠባቂውን በደረቱ ሲያግድለት (ይህ ስክሪን ይባላል) ከኋላው ሲወጣ። ከር በወጣትነቱ የሠራውን ሥራ ነው፣ በትልቁ።

የመጀመሪያ ሲዝኑን 67 አሸንፎ በ15 ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ ዋንጫ ካየ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ፋይናል ክሊቭላንድ 2 ለ 1 ሲመራው ከር ረጅሙን ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተውን) አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ አንድሬ ኢግዳላን አስጀመረ። ሐሳቡን ያመጣው ኒክ ዩረን የሚባል ወጣት ረዳት እንደሆነ ከር ራሱ ተናግሯል። ከጨዋታው በፊት ግን ጋዜጠኞች ሲጠይቁት አሰላለፉ አይቀየርም ብሎ ዋሽቷል፤ እሱንም አልካደም። ኢግዳላ የፋይናሉ ኮከብ ተባለ።

ከዚያ 2017፣ 2018፣ 2022። መሐል ላይ 73 አሸንፎ በ9 የተሸነፈበት የ2015–16 ሲዝን አለ፤ ፋይናሉን 3 ለ 1 ከመራ በኋላ ያስረከበበት። በ2024 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ፓሪስ ላይ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። በፍጻሜው ስቴፍ ፈረንሳይ ላይ ስምንት ባለ ሦስት አስገባ።

ስቴፍ ባይኖርስ?

የሚጠበቀው ጥያቄ ይኼ ነው። ስቴፍን ይዞ ማን አያሸንፍ?

ለጥያቄው ማስረጃ አለ። በ2019–20 ስቴፍ እጁ ተሰብሮ አምስት ጨዋታ ብቻ ሲጫወት፣ ክሌይ ሙሉ ሲዝን ሲጎድል፣ ክለቡ 15 አሸንፎ 50 ተሸነፈ። ከሊጉ የመጨረሻው ሆነ። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ሐሳብ። ደግሞ በ2015–16 ከር ወገቡን ታሞ ሲቀር ረዳቱ ሉክ ዋልተን 39 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፏል።

በተቃራኒውም ማስረጃ አለ። ስቴፍ፣ ክሌይና ግሪን ከር ከመምጣቱ በፊት አብረው ነበሩ፤ ከሁለተኛው የጥሎ ማለፍ ዙር አላለፉም። እሱ በመጣ ዓመት ዋንጫ በሉ። የዋልተን ውጤት ራሱ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አሰልጣኙ አያስፈልግም ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ አሰልጣኙ በሌለበትም የሚሠራ ነገር ተክሏል ማለት ነው። እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል፤ ግን ያለ ስቴፍ ሻምፒዮን ሆኖ ስላላሳየን ክርክሩ ዝግ አይደለም።

ተኳሽ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል የሚል ሕግም የለም። ላሪ በርድ ኢንዲያናን በሦስት ዓመት ለፋይናል አብቅቷል። በ15 ሲዝን 41.5 በመቶ ባለ ሦስት ያስገባው ጄጄ ሬዲክ በ2024 ልምድ ሳይኖረው ሌከርስን ተረከበ፤ በመጀመሪያ ሲዝኑ 50 ጨዋታ ቢያሸንፍም ከመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር አላለፈም። ሬይ አለን ደግሞ ወደ ኤንቢኤ አሰልጣኝነት አልመጣም። እጅ ብቻውን አሰልጣኝ አያደርግም።

አንድ ቅርጫት፣ ስድስት ልጅ

አሁን ወደ ሠፈር እንምጣ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ብሎኮቹ መሐል ያለው የሲሚንቶ ሜዳ የአንድ ስፖርት ብቻ አይደለም። ትንንሾቹ እግር ኳስ ይጫወቱበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ይቆምበታል። ቅርጫት ካለው ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አንዱ ብቻ ነው። መረቡ የለም። ስለዚህ ጨዋታው በግማሽ ሜዳ ሦስት ለሦስት ይሆናል።

«ልጆቹ ስቴፍን አይተው ተበላሹ፣ ከሩቅ ብቻ ይወረውራሉ» የሚል ወቀሳ እዚህ ይሰማል። ወቀሳው አንድ ነገር ዘሏል። በሦስት ለሦስት ቆጠራው ሌላ ነው። ከመስመር ውስጥ አንድ፣ ከመስመር ውጭ ሁለት። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግም ይኸው ነው፤ ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ በዚሁ ቆጠራ ይጫወታሉ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በአምስት ለአምስት የሩቁ ኳስ ከቅርቡ በግማሽ ይበልጣል። በሦስት ለሦስት እጥፍ ነው። ከቅርብ ከሁለት አንዴ የሚያገባ ልጅ፣ ከሩቅ ከአራት አንዴ ከሚያገባው ጋር እኩል ነው። ማለትም 26 በመቶ የሚያገባ የኮንዶሚኒየም ልጅ በዚያ ቆጠራ ከሩቅ ቢወረውር ልክ ነው። ኤንቢኤ ውስጥ በ26 በመቶ ተጫዋች ቤንች ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ከስቴፍ ይልቅ የሠፈሩን ሂሳብ እየተከተለ ነው፤ ባያሰላው እንኳ በጨዋታ ብዛት ደርሶበታል።

የሚያሳስበው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። የወንዶች መደበኛ ኳስ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀለበቱ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ኳስ ከመስመር ውጭ ለማድረስ ከሆዱ አንስቶ በሁለት እጁ ይወነጭፋል። ኳሱ ከፍ ብሎ አይሄድም፤ ዝቅ ብሎ እንደ ድንጋይ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ትንሽ ጂኦሜትሪ ይረዳል። ቀለበቱ ውስጡ 45 ሳንቲሜትር ነው። ኳሱ 24 ገደማ። ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ኳስ ቀለበቱ ሰፊ ነው። በ45 ዲግሪ ለሚመጣ ግን የሚታየው ክፍተት ወደ 32 ሳንቲሜትር ይጠባል። በ30 ዲግሪ ለሚመጣ 22.5 ይሆናል፤ ከኳሱ ያንሳል። በዚያ አግድም የመጣ ኳስ ብረት ሳይነካ መግባት አይችልም። የቱንም ያህል ቢነጣጠር።

የሠፈሩ ቀለበት ደግሞ ራሱ ያታልላል። ልጆች ስለሚንጠለጠሉበት ፊቱ ወደ ታች ዘሟል። ዘመም ያለ ቀለበት አፉን ወደ ወርዋሪው ያዞራል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የመጣ ኳስ ይቀበላል። ልጁ «ገባልኝ» ይላል። ያው ልጅ ቀለበቱ ቀጥ ያለበት ሜዳ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ውድድር ላይ ሲሄድ ኳሱ ሁሉ ከፊተኛው ብረት ጋር ይጋጫል። ፈርቶ ይመስለዋል። ቀለበቱ ነው የተቀየረው።

ንፋሱም አለ። ከተማው ዳር ላይ ሜዳው ክፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ከፍታችን ኳስ ያበርራል የሚሉም አሉ። እርግጥ እዚህ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በሰባት ሜትር ጉዞ ላይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም። ንፋሱ ይብሳል።

ከከር ታሪክ ለዚህ ሜዳ የሚተርፈው ርቀቱ አይመስለኝም። በሦስት ለሦስት አንዱ ልጅ ኳስ ይዞ ያነጥራል፣ ሁለቱ ቆመው ያያሉ። ብዙ ሜዳ ላይ የሚታየው ይኼ ነው። ቆመው የሚያዩት ሁለቱ ቢሮጡ፣ አንዱ ለአንዱ ስክሪን ቢሠራ፣ ኳስ ሳትነጥር ብትቀባበል፣ ያ 26 በመቶ ብቻውን ከፍ ይላል። ብቻውን የሚወረውር ልጅና ሰው ፊቱ ቆሞበት የሚወረውር ልጅ አንድ አይደሉም። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ለቀለበቱ ብየዳ ያስፈልጋል፤ እሱም ከሠፈሩ በር ሠሪ አያልፍም።

መስመሩ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፊባ ባለ ሦስት መስመሩን በ1984 ሲያስገባ 6.25 ሜትር ነበር። በ2010 ወደ 6.75 አራቀው። ቀለሙ ከዚያ በፊት የተቀባ ሜዳ ላይ የሚለማመድ ልጅ ግማሽ ሜትር ቀርቦ ነው የሚለማመደው። ቀለሙ ጨርሶ የጠፋበት ሜዳ ላይ ደግሞ መስመሩ እንደ ክርክሩ ይንቀሳቀሳል። ማስተካከሉ ቀላል ነው። ከቀለበቱ መሐል ቀጥታ ወደ ታች መሬቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። 6.75 ሜትር ገመድ ከዚያ ይያዛል። አንድ ልጅ ጫፉን ምልክቱ ላይ ይረግጣል፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ በኖራ እያሰመረ ይዞራል። ሁለቱ ጎኖች ላይ ግን ክቡ እስከ ጫፍ አይሄድም፤ ከሜዳው የጎን መስመር 90 ሳንቲሜትር ሲቀረው ቀጥ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ጀርባ ይወርዳል። ያቺ ጥግ ለቅርጫቱ ከሌላው የመስመሩ ክፍል ትንሽ ትቀርባለች።